አላፊ ሙቀት

ከኔ ቤት በታች ያለችው ክፍልም የኔ ናት፤
ባሌ ከማዕድኑ ጉድጓድ ሳል ይዞ ሲወጣ፣ በካሳው የገዛናት።
አራተኛ ፎቅ። ፔርኒክ፣ የከሰል ከተማ፣
በረዶው ሳይውል ሳያድር ጠቁሮ የሚያኮርፍባት፣ እንደተቀማ።

ስቪሌን ይባላል ተከራዬ የነበረው። ሌሊት ሌሊት ባቡር ጣቢያ
የፉርጎ ጎማ በመዶሻ እየመታ ስንጥቅ ማዳመጥ ነው የልጁ ሙያ።
ሰው አያናግርም። ኪራዩን በየወሩ አንደኛ ቀን፣ በፖስታ፣
በበሬ ስር ያሾልካል፣ ሳያጓድል፣ ሳያመነታ።

መጋቢት ላይ ለቀቀ። ወለሉን ጠርጎ፣ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቅሎ።
ሐምሌ ላይ ወረቀት መጣ፣ በኔ ስም፣ ማህተም አዝሎ፦
የክረምቱ ማሞቂያ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሌቫ።

አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሴት፣ በስተርጅናዬ ሂሳብ ተሠራብኝ።
ደወልኩለት። «እትዬ ጊንካ፣ እኔኮ አልከፈትኩትም» አለኝ።
አልከፈትኩትም! ስንቱ ተማሪ ነው በዚችው ቃል የዋሸኝ፤
አልነካሁትም መምህርት፣ ሲሰበርም አላየሁም።
ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ደረጃው ላይ ግን ዝም አላልኩም፤
ለሦስተኛ ፎቅ ነገርኩ፣ ለሁለተኛ፣ ለዳቦ ሻጯ ለራዳ፤
ስሙን እንደ ምንጣፍ አራገፍኩት በየሰው በረንዳ።

ነሐሴ ላይ ዛፊር መጣ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ እያለከለከ፤
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ማሞቂያው ስር ተንበረከከ።
«ዜሮ» አለ።
መኝታ ቤት ገባ። «ዜሮ»።
ማድቤት። «ይሄም ዜሮ። ልጁ ክረምቱን ሙሉ አንዱንም አልከፈተ።»
«ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ብለው፣ በእርሳሱ ጫፍ አመለከተ፦
ጥጉ ላይ ሁለት ቧንቧ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣
ቀጥ ብለው የሚያልፉ፣ መክፈቻ የላቸው፣ መዝጊያ።
«ውሃው በነዚህ ሽቅብ ያልፋል። ማለፉም ይቆጠራል።
ሰውየው ባይሞቅ ግድግዳው ሞቋል፤ ግድግዳ ያለው ይከፍላል።»
«ሽቅብ ወዴት?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መልሱን አወቅሁት።
ዛፊር አንጋጦ ጣሪያውን አየ። እኔም አየሁት።

የሱ ጣሪያ የኔ ወለል ነው።

ያን ክረምት በባዶ እግሬ ነበር ቤቴ ውስጥ የምሄደው፤
«እጄ ለምለም ነው» እያልኩ ጥር ላይ የፈነዳ አበባዬን ለጎረቤት የማሳየው።
ሌሊት ደግሞ፣ ተረኛ ባልሆነበት ቀን፣ ቧንቧው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል
መጥረጊያ አንስቼ ወለሉን በእንጨቱ እደልቅ ነበር፣ ዝም እስኪል።
ስንጥቅ ይፈልግ ነበር? እጁን ያሞቅ ነበር? አላውቅም።
ያኔ አልጠየቅሁም።

ዛፊር ሲወጣ ጥጉን ደግሜ አየሁ፦ ከቧንቧዎቹ መሐል
ግድግዳው ወዝ ጠጥቷል፤ ከላይ የራስ፣ ከታች የትከሻ ያህል።
ተደግፎ ነበር።
እኔም፣ አመል ነውና፣ ማስላት ጀመርኩ፦ የጀርባ ሙቀት በስንት ይባዛል?
አንድ ልጅ ተደግፎ የወሰደው ከጠቅላላው ስንት እጅ ይሆናል?
እርሳሱ እጄ ላይ ቆመ።

በስድስት ወር ከፍዬ ልጨርስ፣ ከጡረታዬ ሊቆረጥ ፈረምኩ።
ለስቪሌን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቴምብር ለጠፍኩ፤ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፤
አሁንም እዚያው ነው።
ጥቅምት ሲገባ ቧንቧው ኳ አለ፣ ማንም ሳይመታው፣ ውሃ ሲሞላ።
ጫማዬን አድርጌ ቆሜ ሰማሁት።

«ያ ሌባ ከፈለሽ?» አለችኝ ራዳ ትናንት፣ ዝርዝር ስትቆጥርልኝ።
መልሴን ተቀብዬ፣ መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ፤ ትኩሱ ዳቦ ብብቴ ውስጥ እያሞቀኝ።